የእብነ በረድ በረዶ

እንደምን ዋላችሁ፣ የደሴ ሰዎች።

ቅድም በሩ ላይ አንድ አባት «ልጄ፣ ደሴ ተቀምጠህ የፈረንጅ በረዶ ምን ያደርግልሃል?» አሉኝ። ልክ ናቸው። ይሄ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሞዴል የስዊዘርላንዱ የበርኒና የተራራ ባቡር መስመር ነው፤ በረዶውን እንዴት እንደሠራሁት ላሳያችሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 ነው ሙሉ በሙሉ ሥራ የጀመረው። ከፍተኛው ቦታ 2,253 ሜትር ላይ ነው። አሁን ቁጭ ያልንበት ደሴ ከዚያ ይበልጣል! ከፍታው አለን፣ የነሱ ዓይነት በረዶ ግን የለም፤ ለምድር ወገብ ቅርብ ነና። የኛ በረዶ ጣራ ይደበድባል፣ ቦይ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ቡናው ሳይፈላ ይሟሟል። የነሱ እንደ ጥጥ ወርዶ ለወራት ይተኛል።

አይታችሁት ካላወቃችሁ አብሽሩ፣ እኔም አላየሁም። ወፍጮ ቤት ሄጄ ነው የተማርኩት። ዱቄቱ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ አግዳሚው ላይ፣ ፈጪው ትከሻ ላይ ያርፋል። ከሥራቸው ግን ምንም የለም። በረዶም እንደዚያው ነው። ስለዚህ በእጅ አልበትንም፤ በሻይ ማጥለያ ከላይ እነፋለሁ።

መጀመሪያ የነፋሁት የስንዴ ዱቄት ነበር። አይ ሞኝነት! ወዲያው ወየበ። ከዚያ አይጥ መጣችና አንድ ተራራ ተበልቶ አደረ። ጄሶም ሞከርኩ፤ ውሃ ሲነካው ድርቅ ብሎ የግድግዳ ልስን መሰለ። በመጨረሻ የእብነ በረድ ዱቄት አገኘሁ። ስሙ ራሱ በግዕዝ የበረዶ ድንጋይ አይደል? ነጭ ነው፣ አይወይብም፣ መብራት ሲያርፍበት ብልጭ ይላል። ስትነፉት ግን አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

ተራራው ፎም ነው። ቀድሜ ነጭ ቀለም እቀባዋለሁ፤ ጥላ ለሚያርፍበት ጎን ጠብታ ሰማያዊ እጨምራለሁ። ከዚያ ኮላ በውሃ አቅጥኜ እቀባለሁ። የዕቃ ሳሙና ጠብ ካላደረጋችሁበት ኮላው ኳስ ኳስ እየሆነ ይንከባለላል። ዱቄቱን ኮላው ሳይደርቅ ነፉበት። ሲደርቅ የተረፈውን አራግፉት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውፍረቱ ላይ ነው። ይሄ ሞዴል ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል። አንድ ሴንቲሜትር ዱቄት ማለት 87 ሴንቲሜትር በረዶ ነው፤ የሰው ወገብ ጋ ይደርሳል። 30 ሴንቲሜትር በረዶ ከፈለጋችሁ ሦስት ሚሊሜትር ተኩል አይሞላም። ሁሉንም ነጭ አታድርጉት። በሐዲዱ መካከል ጥቁሩ እንጨት ብቅ ብቅ ይበል። ዋሻው ውስጥ በረዶ አይገባም። የሐዲዱን አናት ደግሞ ኮላው እርጥብ እያለ ጥረጉት። መብራቱ በሐዲዱ በኩል ነው ወደ ሞተሩ የሚሄደው፤ ኮላ ከጋረደው ባቡሩ ገትሮ ይቀራል።

በሉ ጠጋ ብላችሁ እዩ። የግራው ጥግ ገና አልደረቀም፤ ጉንፋን ያለበት ሰው በቀኝ በኩል ይምጣ።