ልጆቹ ለምን ይለቃሉ?

የተከበራችሁ የፋብሪካ ባለቤቶችና ሥራ አስኪያጆች፣ የሰው ሀብት ባልደረቦቼ፣ የሠራተኛ ማኅበር ተወካዮች፤ እንደምን አደራችሁ!

ዛሬ የማወራው ከልብስ ስፌት ፋብሪካዎቻችን ሥራ ስለሚለቁ ሠራተኞቻችን ነው።

"የእኛ አገር ሠራተኛ የሥራ ባህል የለውም" ሲባል በየስብሰባው እንሰማለን። እኔ አልስማማም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመረቀ። ከሲዳማና ከአጎራባች አካባቢዎች ብዙ ሺህ ወጣት ሴቶች መጡ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የጀማሪ ኦፕሬተር መነሻ ደመወዝ በወር 750 ብር ገደማ ነበር። በዚህ ብር ቤት ኪራይ ሊከፈል፣ ሊበላ፣ ለቤተሰብም ሊላክ ነው። ልጆቹ ተዳብለው አንድ ክፍል ተከራዩ፣ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግተው አደሩ። እንዲያም ሆኖ አልበቃቸውም። ለቀቁ። በዓመት ውስጥ የሚለቀው ሰው ብዛት ከጠቅላላው የሠራተኛ ቁጥር ጋር የሚስተካከልበት ጊዜ ነበር። ይሄ የባህል ጉዳይ አይደለም፤ ገቢና ወጪው አልገጠመም!

እስቲ አንድ የሸሚዝ ማምረቻ መስመር አስቡ። ኮሌታ የምትሰፋዋ ልጅ ዛሬ አልመጣችም። ከእሷ በፊት ሥራ ይከመራል። ከእሷ በኋላ ያሉት እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ሱፐርቫይዘሩ አዲስ ልጅ ያስገባል። ስፌቱ ይጣመማል፣ ይፈታል፣ እንደገና ይሰፋል። ታርጌት ይጎድላል። ከዚያ ሁሉም ኦቨር ታይም ይግባ ይባላል። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሌሎች ይቀራሉ። ከዚህ ኪሳራ አብዛኛው ፔይሮል (የደመወዝ መዝገብ) ላይ አይታይም። ደመወዝ መጨመር ውድ፣ ሰው መቀያየር ርካሽ የሚመስለን ለዚህ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ኦቨር ታይም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ታርፋለች። ይህን ማክበር ግዴታችን ነው። ግን ከ90 ቀን በኋላ ሕፃኑን ለማን ትተወው? የማታ ፈረቃ ጨርሳ ሰርቪሱ አስፋልት ላይ ካወረዳት በኋላ፣ ያንን ጨለማ መንገድ እንዴት ትለፈው? የሕፃናት ማቆያና ሰፈር ድረስ የሚገባ ሰርቪስ የምንላቸው ነገሮች የምርት ወጪ ናቸው፤ ልክ እንደ መርፌና ክር። ስለ ሱፐርቫይዘሮችም ልናገር። ብዙ ጊዜ የምንሾማቸው በስፌት ፍጥነታቸው ነው። ሰው መያዝን ግን አላስተማርናቸውም። ስለዚህ ይጮኻሉ። ስድብ ደግሞ ከደመወዝ ማነስ እኩል ሰው ያስለቅቃል።

ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አገራችን አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ከሰጠችው የአጎዋ የንግድ ዕድል ስትታገድ፣ ከቀረጥ ነፃ ገበያው በአንድ ውሳኔ ተወሰደብን። በርካሽ ጉልበት እንወዳደር ብንልም ከእኛ የሚረክስ አይጠፋም። ሥራውን የለመደ እጅን ግን በቀላሉ ማንም አይወስድብንም፤ እኛው ካላባረርነው በቀር።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሰኞ ቢሮ ስትገቡ በቅርብ የለቀቁትን ሠራተኞች ዝርዝር አውጡና ደውሉላቸው። "ለምን ሄድሽ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሳቸውን ፋይል ውስጥ አትቅበሩት፤ ከወሩ የምርት ሪፖርት ጋር ለቦርዱ አቅርቡት።

አመሰግናለሁ።