ዕቁብን የማያውቅ መጠይቅ

የተከበራችሁ የኮሙኒቲያችን አባላት፣ በተለይም በግብር ሰሞን ቅጽ እየሞላችሁ ወገኖቻችሁን የምታግዙ ወጣቶች፤

አሜሪካ ውስጥ የሰው የገንዘብ አመለካከትና አያያዝ እንዴት እንደሚለካ እንዳስረዳ ተጋብዣለሁ። የፌዴራሉ የሸማቾች የገንዘብ ጥበቃ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣውን የገንዘብ ደኅንነት መለኪያ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ አሥር ጥያቄዎች አሉት፣ በእንግሊዝኛም በስፓኒሽም ይቀርባል፣ ውጤቱም ከ0 እስከ 100 ይሰላል። ተጠያቂው ቅጹን ራሱ ከሞላውና ሌላ ሰው ካነበበለት ስሌቱ ይለያያል፤ ሰው ጠያቂ ፊት ሲቀመጥ መልሱን ማሳመሩ አይቀርምና ይህን ማሰባቸው ያስመሰግናቸዋል።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። በየሦስት ዓመቱ በሚካሄደው አገር አቀፍ የገንዘብ አቅም ጥናት ውስጥ ለሦስት ወር ወጪ የሚበቃ፣ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ገንዘብ መኖሩን የሚጠይቅ ጥያቄ አለ፤ የገንዘብ አማካሪዎችም ይህንኑ ይጠይቃሉ። አብራኝ ሆቴል ታጸዳ የነበረች የኤል ሳልቫዶር ተወላጅ በስፓኒሽ ተጠይቃ ሳታመነታ «የለኝም» አለች። እውነቷን ነው፤ በእጇም በባንክም አልነበራትም። ነገር ግን ይህች ሴት እነሱ ኩቹባል፣ ሜክሲኮዎች ታንዳ፣ እኛ ዕቁብ የምንለው ማኅበር ሰብሳቢ ነበረች፤ የአሥራ ሁለት ሴቶችን ገንዘብ ደመወዝ በተከፈለ ቁጥር ልብስ መቀየሪያው ክፍል እየዞረች ትሰበስባለች፣ በትንሽ ደብተር ትመዘግባለች፣ አንዷ ስትታመም ተራ ታቀያይራለች፣ ከራሷም ቀንሳ ለእናቷ ትልካለች። የእሷ ተራ የሚደርሰው በሚቀጥለው ወር ነበር። አማካሪዋ ግን ቁጠባ እንዴት እንደሚጀመር የሚያስተምር ወረቀት አስይዛ ሸኘቻት። ለማን ነው ቁጠባ የሚያስተምሩት? እናንተው ፍረዱ!

ከቢሮው መለኪያ አሥር ጥያቄዎች አንዱ ደግሞ ለሠርግ ወይም ለልደት ስጦታ መስጠት የወሩን ኑሮ ያናጋ እንደሆነ ይጠይቃል። ከመካከላችን ሠርግ ተጠርቶ፣ ቢያናጋውስ፣ የሚቀር ማን ነው? ነገ ልጁን ሲድር እንደሚመለስለት እያወቀ የሰጠውን ሰው መጠይቁ እንደ ተቸገረ ብቻ ይቆጥረዋል።

የፌዴራሉ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባደረገው ጥናት የባንክ ሒሳብ የሌላቸው ቤተሰቦች በአገሪቱ 4.2 በመቶ፣ ከሂስፓኒኮች (ዘራቸው ከስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች ከሆነ) መካከል ግን 9.5 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ ገንዘብን ከባንክ ውጭ መያዝ የጥቂት ሰዎች ነገር ብቻ አይደለም።

እንዲህ ያለ መጠይቅ በአማርኛ ይዘጋጅ ሲባል፣ ከመታተሙ በፊት ዕቁብ የሚጥሉ እናቶች ተቀምጠው ይመልሱት፣ ምን ብለው እንደተረዱትም ይጠየቁ፤ የዕቁብ ተራና ወደ አገር ቤት የሚላከው ገንዘብም በግልጽ ይግቡበት። እስከዚያው እናንተ ቅጽ ስትሞሉ ሁለቱንም ጠይቃችሁ ከኅዳጉ ላይ ጻፏቸው።