ድንኳኑን ሳንተክል

(በሰፈራችን እድር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የእድራችን ዳኛና የኮሚቴ አባላት፣ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ እንደምን ዋላችሁ።

ነገር እንዳላንዛዛባችሁ ጽፌ ነው የመጣሁት። የምናገረው ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው። አብዛኞቻችሁ ከእኔ ይልቅ እሱን ታውቁታላችሁ። ከኮልፌ መርካቶ ሚኒባስ የሚነዳው። ምጥ ይዟችሁ ወይም ልጅ ታሞባችሁ በሌሊት በሩን ያንኳኳችሁ እዚህ መሃል አላችሁ። ያኔ ሂሳብ የተቀበለው ሰው ካለ ይንገረኝ፣ እኔ እመልስለታለሁ።

ነገሩ የጀመረው በተቅማጥ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ተኛ፣ ተሻለው፣ ሥራ ገባ። ሳምንት ሳይሞላ "የእግሬን ጣቶች ይደነዝዘኛል" ማለት ጀመረ። በማግስቱ ጠዋት ተራ ይዞ ሳለ ፍሪሲዮን መርገጥ አቃተው። ረዳቱ "ትናንት አምሽተሃል መሰለኝ" ብሎ ሳቀበት። ጎንበስ ብሎ ሲያይ እግሩ ፔዳሉ ላይ አለ፤ ግን አይጫንም። መኪናዋን ረዳቱና ተራ አስከባሪዎቹ ገፍተው ዳር አወጧት። ማታውን ጉልበቱ ከዳው። ቆይቶ ማንኪያ ማንሳት ተሳነው። ከዚያ ትንፋሹ አጠረ፣ ፅኑ ህሙማን ክፍል ገባ፣ በማሽን መተንፈስ ጀመረ።

በዚያ ሰሞን ያልተባለ የለም። ምች ነው ተባለ፣ ዓይን ነው ተባለ። ጠበሉንም ዱዓውንም አልተውንም። የጸለያችሁለት ሁሉ እግዜር ይስጥልን። የሐኪሞቹ መልስ ግን ጊላን ባሬ ሲንድረም የሚል ነበር። ስሙ በ1916፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በሽታውን ከገለጹት የፈረንሳይ ሐኪሞች የመጣ ነው። ብዙ ጊዜ ከሆድ ሕመም ወይም ከጉንፋን በኋላ ይመጣል። ጀርም ሊዋጋ የተነሳው የሰውነት መከላከያ ዞሮ የገዛ ነርቭን ያጠቃል። የነርቩ ልባስ እንደ ኤሌክትሪክ ገመድ ይላጣል፤ ከአንጎል የተላከው ትእዛዝም እግር ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል።

አይተላለፍም። ይሄን ደግሜ ልበለው፣ አይተላለፍም። ልጆቻችሁን "እዚያ ቤት እንዳትሄዱ" ያላችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። አልተቀየምኩም። ልጅ ያለው ሰው ይፈራል። አሁን ግን ላኳቸው፤ የእሱም ልጆች የሚጫወቱት ሰው አጥተዋል።

መድኃኒቱ ኢሚውኖግሎቡሊን ይባላል። ከኬሚካል የሚቀመም አይደለም። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከለገሱት ፕላዝማ፣ ማለትም ከደም ፈሳሽ ክፍል፣ ተጣርቶ የሚወጣ ነው። አንዱም ወንድሜን አያውቀውም። የሚሰጠው በክብደት ተሰልቶ ነው፤ ለአንድ ኪሎ 2 ግራም፣ በ5 ቀን ተከፋፍሎ። ወንድሜ 60 ኪሎ ነው። 120 ግራም ማለት ነው፤ 5 ግራም የሚይዘው ጠርሙስ 24 ፍሬ። የጤና መድን ደብተሩ አልጋውንና ምርመራውን ችሎልናል። (ደብተራችሁን ያላሳደሳችሁ፣ እባካችሁ ነገ ሂዱ።) መድኃኒቱ ግን በተኛበት ሆስፒታል ፋርማሲ አልነበረም። "ከውጭ ግዙ" ተባልን። የእናታችን ወርቅ ወጣ። የእቁቡ ሰዎች ተሰበሰቡ፤ እጣው የወጣላት እናት "የልጄ ሠርግ ከፋሲካ በኋላ ነው፣ እሱ ይቅደም" ብላ ተራዋን ለቀቀችለት። አሁን ከመሃላችሁ ተቀምጣለች። ስሜን ብትጠራ አልምርህም ስላለችኝ አልጠራትም።

ተመስገን፣ ከማሽኑ ወርዶ ቤቱ ገብቷል። ተደግፎ ይቀመጣል። የቡና ስኒ በሁለት እጁ ይዞ አፉ ጋ ያደርሳል፤ ግማሹ ሸሚዙ ላይ ይፈሳል፣ ግማሹን ይጠጣል። እስኪጨርሰው ድረስ ስኒውን ማንም እንዲይዝለት አይፈቅድም። ከዚህ በሽታ የሚያገግመው ብዙ ነው። ከ10 ታማሚ 8 ገደማው በስድስት ወር ያለ ድጋፍ ይራመዳል ብለውናል። በማሽን የተነፈሰ ሰው ግን ይዘገያል፤ ዓመትም ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። ነርቩ በራሱ ጊዜ ይጠገናል። እስከዚያ ድረስ ግን ጡንቻው እንዳይሟሽሽ፣ መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ ፊዚዮቴራፒ የግድ ነው። እኛ ገንዘብ ያለቀብን እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ እድራችን ልምጣ፤ የሚከፋው ካለ ይቅርታ።

ሰው ሲሞት ድንኳኑ ወዲያው ይተከላል። ወንበሩ ይደረደራል፣ ብረት ድስቱ ይወጣል፣ ገንዘብ ያዣችን ሳይለመን ይከፍላል። በዚህ እንኮራለን፣ ይገባናልም። ግን አያድርገውና ወንድሜ ሞቶ ቢሆን ኖሮ እኔ ዛሬ እዚህ ቆሜ ይሄን አላነብም ነበር። ገንዘቡ በማግስቱ እጃችን ይገባ ነበር። ለልመና የቆምኩት ስለተረፈ ነው። ደንቡን ያወጡት አባቶቻችን የዘመናቸውን ችግር አይተው ነው የጻፉት። የዛሬው ችግራችን ግን ከቀብሩ በፊትም አለ። ለታመመ አባል መክፈል የጀመሩ እድሮች በዚሁ በአዲስ አበባ አሉ።

አንዳንድ ወዳጆች "ፎቶውን በባነር አሠርተን፣ መኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ጭነን መንገድ እንውጣ" ብለውን ነበር። እሱ እምቢ አለ። "የጫንኳቸው ሰዎች እንዲህ ሆኜ እንዲያዩኝ አልፈልግም" አለን። መንገድ የሚወጡትን አልነቅፍም፣ ቢቸግራቸው ነው። ግን በሰው በሽታ የሚነግድ ስለበዛ የሕዝቡም ልብ ደንድኗል። እሱን ደግሞ የሚያውቀው ሰፈሩ ነው።

የምለምነው ይሄን ነው። አንድ ቤተሰብ በወር 200 ብር፣ ለስድስት ወር። የሚችል ይጨምር፣ የማይችል ይቀንስ፣ ማንም እንዳይሳቀቅ። ገንዘቡ በሳምንት ሦስት ጊዜ ለሚመጣው ፊዚዮቴራፒስት፣ ለመራመጃ ድጋፉና ለቤት ኪራዩ ይውላል። ኪራዩን የጠቀስኩት ሳላፍር ነው፤ ባለቤቱ እንጀራ ጋግራ የምታገኘው ለልጆቹ ምሳ ዕቃም አይበቃም። ሂሳቡ በሦስት ሰው ፊርማ ይንቀሳቀስ፤ ሦስቱን እናንተ ምረጡ፣ ከቤተሰባችን ግን ማንም አይግባበት። የገባውና የወጣው በየወሩ እድሩ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ወንድሜ ሥራ ሲጀምር የተረፈ ካለ ለሚቀጥለው ታማሚ ይቀመጥ።

ገንዘብ የሌለው ጉልበት ይስጠን። ከሰዓት በኋላ እሱን የሚያነሳና የሚያገላብጥ ሰው የለም፤ ባለቤቱ ብቻዋን ወገቧ ሊቆረጥ ነው። የሰፈሩ ወጣቶች ተራ ብትገቡልን ለእኔ ከብር አይተናነስም። ልትጠይቁት ስትመጡም ሙዙና ብርቱካኑ ይቅር፤ ለዚያ የምታወጡትን መዝገቡ ላይ አስፍሩልን።

ለታመመ አባል ስለሚከፈል ድጋፍ አንድ አንቀጽ በሚቀጥለው ጉባኤ አጀንዳ እንዲያዝ በጽሑፍ ለዳኛችን አስገብቻለሁ። ዛሬ ወስኑ አልልም፤ ቤታችሁ ገብታችሁ ተነጋገሩበት።

መዝገቡ ፀሐፊያችን ጋ፣ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ዛሬ በእጁ የሌለው ቃሉን ያስመዝግብ። ተራ ለመግባት የምትፈልጉ ወጣቶች ደግሞ ሳትሄዱ እኔን አግኙኝ፤ ከሰኞ ጀምሮ እንደለድላለን። አመሰግናለሁ።