የ33 ሚሊዮን ዶላሩ ወለድ ሰንጋ ተራ እንዴት ደረሰ?

[ምስል፦ ሰንጋ ተራ፣ ረፋድ ላይ። የባንክ ሕንፃዎች፤ ከበላያቸው የንግድ ባንክ ማማ።]

ተራኪ፦ ብሔራዊ ቴአትርን አልፎ ወደ ሰንጋ ተራ የሚሄድ ሰው ዙሪያውን የሚያየው ባንክ ነው። ከነዚህ በአንዱ፣ የዓለም አቀፍ ንግድ ክፍል መስኮት ላይ፣ አንድ አስመጪ ፋይሉን ይዞ ቆሟል እንበል። የሚያስመጣው የውኃ ፓምፕ መለዋወጫ ነው። ብሩ አለው፤ ባንኩም ዶላር ፈቅዶለታል። ሻጩ ግን «የውጭ ባንክ ዋስትና ካልጨመረበት በዚህ ኤልሲ ዕቃ አልጭንም» ብሎታል። ኤልሲ ማለት የገዢው ባንክ፣ ሰነዱ ተሟልቶ ሲቀርብለት ለሻጩ እከፍላለሁ ብሎ የሚገባው ቃል ነው። አስመጪው ጥፋት የለበትም። ነገሩ የመጣው መንግሥት ከውጭ ባለሀብቶች ከተበደረበት ሰነድ፣ ከአንድ የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ነው።

[ግራፊክ፦ 1 ቢሊዮን × 6.625 በመቶ = 66.25 ሚሊዮን ዶላር በዓመት]

ተራኪ፦ ኢትዮጵያ ይህን ቦንድ፣ የመጀመሪያውን ዩሮቦንዷን፣ ለዓለም ገበያ ያቀረበችው በ2007 ዓ.ም. ነው፤ ለ10 ዓመት፣ በ6.625 በመቶ ወለድ። በየስድስት ወሩ 33 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይከፈላል ማለት ነው። ከቤት ብድር ጋር እንዳታመሳስሉት። የቤት ብድር በየወሩ ከዋናውም እየቀነሰ ይሄዳል፤ እዚህ ግን 10 ዓመት ሙሉ ወለድ ተከፍሎም 1 ቢሊዮኑ እንዳለ ይቆይና በመጨረሻው ቀን በአንድ ጊዜ ይጠየቃል። ገንዘቡ የገባበት ፕሮጀክት እስከዚያ ዶላር ማስገባት ካልጀመረ ክፍያው ከቡናው፣ ከአበባው፣ ከሐዋላው ይወጣል።

ታኅሣሥ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. የወለዱ ቀን ደረሰ፤ አልተከፈለም። የ14 ቀኑ የእፎይታ ጊዜም አለፈ። ብዙ ሰው ያኔ የገባው ካዝናው ባዶ መሆኑ ነበር። መንግሥት የሰጠው ምክንያት ሌላ ነው። ከአንድ ወር በፊት አበዳሪ መንግሥታት ለእነሱ የሚከፈለው ዕዳ ለጊዜው እንዲቆም ተስማምተው ነበር። እነሱ እየታገሡ የቦንድ ባለቤቶች ቢከፈላቸው፣ አበዳሪዎችን ሁሉ በእኩል ዓይን የማየት ደንብ ይፈርሳል። በእኔ ግምት በዲፕሎማሲ በኩል ውሳኔው ትክክል ነበር። ዋጋውን ማን እንደሚከፍል ግን ለነጋዴው በወቅቱ ሊነገረው ይገባ ነበር።

[ግራፊክ፦ የጋራ ማዕቀፍ — ጥያቄ፣ የአይኤምኤፍ (የዓለም የገንዘብ ድርጅት) ትንተና፣ የአበዳሪዎች ኮሚቴ፣ የመግባቢያ ሰነድ፣ የሁለትዮሽ ውል]

ተራኪ፦ ደንቡ የቡድን 20 አገሮች በ2013 ዓ.ም. ካወጡት የጋራ ማዕቀፍ፣ ማለትም ዕዳ የከበዳቸው አገሮች ዕዳቸው የሚሸጋሸግበት ሥርዓት፣ የመጣ ነው። ኢትዮጵያ በዚያው ዓመት አመለከተች። የአበዳሪ መንግሥታቱን ኮሚቴ በጋራ የመሩት ቻይናና ፈረንሳይ ናቸው፤ የመግባቢያ ሰነዱ የተፈረመው ግን በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። አራት ዓመት ያለፈበት ምክንያት አለው። መካከሉ ላይ የሰሜኑ ጦርነት ነበር። ከዚያ ደግሞ ኮሚቴው የአይኤምኤፍን ፕሮግራም ይጠብቃል፣ አይኤምኤፍ የአበዳሪዎችን ማረጋገጫ ይጠብቃል፣ ሁለቱም የብሩን ምንዛሪ ይጠብቃሉ።

ምንዛሪው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ተለቀቀ። በዚያው ቀን አይኤምኤፍ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራም አጸደቀ። 38 ዓይነት ዕቃዎች ላይ የነበረው የማስመጣት ክልከላም ተነሣ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ 120ን አለፈ። ይህን ወደ ቦንዱ መልሱት፦ 57 ቢሊዮን ብር ይበቃው የነበረ ዕዳ 120 ቢሊዮን ብር ሆነ። በዶላር ሲታይ ዕዳው አልጨመረም፤ መንግሥት ግብር የሚሰበስበው ግን በብር ነው።

[ምስል፦ የባንክ መስኮት፤ የኤልሲ ፎርም በቅርበት።]

ተራኪ፦ ወደ መስኮቱ እንመለስ። ወለዱ ሳይከፈል ሲቀር ፊች እና ኤስ ኤንድ ፒ የተባሉት የብድር ደረጃ መዳቢ ድርጅቶች የአገሪቱን ደረጃ ክፍያ ካቋረጡት ተርታ አወረዱት። የውጭ ባንክ ደግሞ የእኛን ባንክ የሚመዝነው በአገሪቱ ደረጃ ነው። ስለዚህ ኤልሲ ላይ ዋስትና ሲጠየቅ፣ ማለትም ኮንፈርሜሽን፣ ወይ ከፍ ያለ ኮሚሽን ይጠይቃል ወይ ሙሉ ዶላሩን አስቀድማችሁ አስቀምጡ ይላል። የ200 ሺህ ዶላር ኤልሲ ከሆነ፣ 200 ሺሁ ዕቃው ሳይጫን ወጥቶ፣ ዕቃው ተጭኖ ሰነዱ እስኪቀርብ ድረስ ያለ ሥራ ይቀመጣል። በዚያ ጊዜ ሌላ አስመጪ ሊጠቀምበት ይችል ነበር።

ኤልሲ የሚከፍት ሰው ፕሮፎርማው ላይ ሳይፈርም የኮንፈርሜሽን ኮሚሽኑን ማን እንደሚከፍል ከሻጩ ጋር በጽሑፍ ይስማማ። ካልተጻፈ ጭቅጭቁ ዕቃው ከተመረተ በኋላ ይመጣል። ሁለተኛው ችግር የሰነድ አለመጣጣም ነው። ኤልሲው «ፓምፕ መለዋወጫ» ብሎ ኢንቮይሱ «የፓምፕ ክፍሎች» ካለ፣ ባንኩ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ሰነዱን ሊመልሰው ይችላል። ዕቃው ከተጫነበት ቀን አንሥቶ ሰነዱ በ21 ቀን ውስጥ ካልቀረበም እንዲሁ። እስኪስተካከል ኮንቴይነሩ ጅቡቲ ቁሞ የሚቆጥረው ኪራይ በዶላር ነው።

[ግራፊክ፦ ሁለት ሚዛን — ዕዳ፣ ኤክስፖርት]

ተራኪ፦ የቦንድ ባለቤቶቹስ? መስከረም 2017 ዓ.ም. ላይ መንግሥት ከዋናው 18 በመቶ ይቀነስ ብሎ አቀረበ፤ ከ1 ቢሊዮኑ 820 ሚሊዮን ይቀራል ማለት ነው። አልተቀበሉትም። ጠቡ ያረፈው በአንድ መለኪያ ላይ ነው፤ ዕዳው ከኤክስፖርት ገቢው ጋር ሲነጻጸር። አይኤምኤፍ አገሪቱ ከአቅሟ በላይ ተበድራለች ይል ነበር። የቦንድ ባለቤቶቹ ደግሞ ችግሩ የጊዜው የጥሬ ገንዘብ እጥረት ነው፣ ቀኑን ማራዘም ይበቃል ባዮች ነበሩ። ምንዛሪው ከተለቀቀ በኋላ በኮንትሮባንድ ይወጣ የነበረው ወርቅ ወደ ብሔራዊ ባንክ መምጣቱ፣ በ2017 በጀት ዓመት የወርቅ ኤክስፖርት ቡናን እስከ መብለጥ መድረሱ ለክርክራቸው ጉልበት ሰጣቸው። ለአገር ደስ የሚል ዜና የተደራዳሪያችንን እጅ ማሰሩ ያማል፤ ግን እውነት ነው።

ከአበዳሪ መንግሥታት ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድም ብቻውን አንድ ዶላር አያሸጋሽግም። ከእያንዳንዱ አገር ጋር ለየብቻ የሁለትዮሽ ውል መፈረም አለበት። ስለዚህ «ተፈረመ» የሚል ዜና ስትሰሙ ሦስት ነገር ፈልጉበት፦ የትኛው አገር ነው፣ ዋናው መከፈል የሚጀምረው በየትኛው ዓመት ነው፣ ወለዱስ ስንት ነው?