በአንድ ፓውንድ አንድ ሳንቲም፦ ተማሪዎችና ቲማቲም ለቃሚዎች ታኮ ቤልን እንዴት አንበረከኩት?

እንኳን ደህና መጣችሁ! ዛሬ የምናወራው ስለ ቲማቲም ነው። አዎ፣ ስለ ቲማቲም። ስለ ስደተኛ ሠራተኞች፣ ስለ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እና ስለ አንዲት ሳንቲም። ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እንዳትደናገሩ።

ቦታው ደቡብ ፍሎሪዳ ነው። ኢሞካሊ የምትባል ትንሽ ከተማ። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት። የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ ሰው ተኮልኩሏል፤ ከሜክሲኮ፣ ከጓቲማላ፣ ከሄይቲ የመጣ ሰው። አሮጌ የትምህርት ቤት አውቶቡሶች መጥተው ይቆማሉ። የተመረጠ ይሳፈራል። ያልተመረጠ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

እርሻው ላይ ሥራው በባልዲ ነው። አንዱ ባልዲ 32 ፓውንድ አረንጓዴ ቲማቲም ይይዛል፤ ወደ 14 ኪሎ ተኩል ማለት ነው። ትሞላለህ፣ ትከሻህ ላይ ታደርጋለህ፣ እየሮጥክ ወደ ጭነት መኪናው ትሄዳለህ። ወደ ላይ ትወረውረዋለህ። ላይ ያለው ሰው ገልብጦ ባዶውን ከቲኬት ጋር ይመልስልሃል። ያቺ ቲኬት ናት ገንዘብህ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የአንድ ባልዲ ዋጋ ከ40 እስከ 45 ሳንቲም ነበር። 50 ዶላር ለማግኘት ወደ ሁለት ቶን ቲማቲም መልቀም ነበረብህ። ሁለት ቶን! በአንድ ቀን!

ደግሞ ባልዲው እስከ አፉ ቢሞላ አይበቃም። ቁልል እንዲል ይፈለጋል። ለዚያች ቁልል ማንም አይከፍልም። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያበሽቀኝ እሷ ቁልል ናት።

ሠራተኞቹ በ1993 መደራጀት ጀመሩ። ሥራ አቆሙ፣ ተሰለፉ፣ በረሃብ አድማ ተቀመጡ። ከእርሻ ባለቤቶቹ ጋር ሲታገሉ ቆይተው በኤፕሪል 2001 ግን ፊታቸውን ወደ ታኮ ቤል፣ ወደ ትልቁ የፈጣን ምግብ ኩባንያ አዞሩ። ለምን ታኮ ቤል? ታኮ ቤል እኮ አልቀጠራቸውም!

እስቲ ወደ አትክልት ተራ ልውሰዳችሁ። ይህን ምሳሌ በጣም ስለምወደው ቀስ ብለን እንሂድበት። አንድ ትልቅ ነጋዴ አለ እንበል። ለሆቴሎቹ፣ ለካፌዎቹ፣ ለሱፐርማርኬቶቹ የሚገዛው እሱ ነው። ጠዋት ይመጣል፣ ሃምሳ ሣጥን ቲማቲም በአንዴ ያነሳል። «ከዚህ ዋጋ አልጨምርም» ካለ፣ አለ ነው። ሻጩ ቅር ቢለው ምን ያመጣል? ጎኑ ያለው ሻጭ ቶሎ ብሎ ይሸጥለታል። ስለዚህ ዋጥ አድርጎ ይሸጣል። እሺ፣ ጉድለቱን ከየት ይሞላዋል? ነዳጅ አይቀንስለት። ማዳበሪያ አይቀንስለት። ሣጥኑ አይቀንስለት። የቀረው ማን ነው? የቀን ሠራተኛው ነዋ! ጎንበስ ብሎ የሚለቅመው። ዋጋው እየተገፋ፣ እየተገፋ መጥቶ እሱ ጀርባ ላይ ያርፋል። አሁን ለቃሚው ባለ እርሻውን ቢጨቀጭቀው «ከየት ላምጣ?» ይለዋል። ምናልባትም እውነቱን ነው። ገንዘቡ ያለው ሃምሳ ሣጥን የሚያነሳው ሰውዬ ጋ ነው። ታኮ ቤል ማለት ያ ሰውዬ ነው።

ተማሪዎቹ የሚገቡት እዚህ ጋ ነው። የታኮ ቤል ዋና ደንበኛ ወጣቱ ነው፤ ብዙ ግቢዎች ውስጥም ሱቅ ነበረው። በ2000 የተቋቋመው የተማሪዎችና የእርሻ ሠራተኞች ኅብረት «ሱቁን ከግቢያችን አውጡ» የሚል ዘመቻ ጀመረ። ልብ በሉልኝ፣ ተማሪዎቹ «እኛ እናውቅላችኋለን» ብለው አልመጡም። ጥያቄውን ያወጡት ለቃሚዎቹ ናቸው። ተማሪዎቹ የጠየቁት «እኛ በእጃችን ምን አለ?» ብለው ነው። በእጃቸው የነበረው የዩኒቨርሲቲው ውል ነበር። ከ20 በላይ በሚሆኑ ዩኒቨርሲቲዎችና ትምህርት ቤቶች ሱቁ እንዲወጣ ወይም እንዳይገባ አደረጉ። በ2003 ደግሞ ካሊፎርኒያ፣ ኧርቫይን ሄደው በኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት በር ላይ ከሠራተኞቹ ጋር አሥር ቀን የረሃብ አድማ አደረጉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ ስል ያለፈው ቪዲዮ ኮሜንቶች ትዝ አሉኝ። ብዙዎቻችሁ «ወረቀት የሌለው ሰው ምን መብት አለውና ነው?» ብላችሁ ጽፋችኋል። ይህንን ሳልመልስ አላልፍም። የአሜሪካ የደመወዝ ሕግ የሚያየው ሥራውን ነው። ሰውዬው ከሠራ፣ ለሠራበት ዝቅተኛውን ደመወዝ ማግኘት አለበት፤ ወረቀት ኖረውም አልኖረውም። የለቃሚዎቹ ትልቁ ችግር ሌላ ነው። ሠራተኞች ማኅበር እንዲያቋቁሙ መብት የሚሰጠው የ1935ቱ ሕግ የእርሻ ሠራተኛንና የቤት ሠራተኛን ከነጭራሹ አላካተተም። ዜጋ ቢሆኑም! እንዲያውም ይህ ከሕግ ውጪ መቅረታቸው አንድ በር ከፍቶላቸዋል፤ ሌሎች ማኅበራት በሦስተኛ ወገን ላይ፣ ማለትም ቀጣሪያቸው ባልሆነ ኩባንያ ላይ፣ ቦይኮት (የአትግዙ አድማ) እንዳይጠሩ የሚከለክለው ሕግ እነሱን አይነካቸውም።

ደግሞ ይህ ታሪክ ከእኛ ሩቅ አይደለም። የሊባኖስ የ1946 የሥራ ሕግም የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጪ ያደርጋል። ቤይሩት የሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን የሚኖሩት በዚያ ሕግ ሥር ነው። ስለዚህ «ወረቀት የለውማ» ብለን ከመፍረዳችን በፊት ስለ ማን እያወራን እንደሆነ እናስብ።

እሺ፣ ወደ ሳንቲሟ። ቶሎ ቶሎ ልበላችሁ። ጥያቄው ገዢው በእያንዳንዱ ፓውንድ አንድ ሳንቲም ይጨምር የሚል ነበር። 32 ፓውንድ፣ 32 ሳንቲም። 45 የነበረው ባልዲ 77 ይሆናል ማለት ነው። ታኮ ቤል በማርች 8፣ 2005 ተስማማ። ማክዶናልድስ በ2007፣ በርገር ኪንግ በ2008 ተከተሉ። በ2010 መጨረሻ የፍሎሪዳ ቲማቲም አምራቾች ማኅበርም ስምምነቱ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ የሰዓት መቆጣጠሪያ አለ፣ ጥላ አለ፣ 24 ሰዓት የሚሠራ የአቤቱታ ስልክ አለ፣ የስምምነቱን ደንብ የጣሰ እርሻ ለነዚህ ገዢዎች መሸጥ አይችልም። ያቺ ነፃ ቁልልም ቀረች! በደንቡ ባልዲ የሚሞላው እስከ አፉ ብቻ ነው።

ስለ ቤይሩት ራሱን የቻለ ቪዲዮ እያዘጋጀሁ ነው፤ ሰብስክራይብ ካላደረጋችሁ አሁን አድርጉ፣ ደወሏንም ተጫኑ።

ዌንዲስ የተባለው የሃምበርገር ኩባንያ ግን ስምምነቱን እምቢ አለ። በ2016 ቦይኮት ተጠራበት። በ2017 የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ግቢያቸው ከኩባንያው ጋር ያለውን የኪራይ ውል እንዲያቋርጥ ምግብ አንበላም ብለው ተቀመጡ። የዌንዲስ ዋና መሥሪያ ቤት ያለው እዚያው ከኮለምበስ ከተማ አጠገብ ነው። ኮለምበስ የምትኖሩ ተመልካቾቼ፣ በዚያን ጊዜ ግቢው ውስጥ የተማራችሁ ወይም የሠራችሁ ካላችሁ ያያችሁትን በኮሜንት ጻፉልኝ። አንድ በአንድ ነው የማነበው።