ናክሺ ካንታ፦ ከአሮጌ ሳሪ የሚወለደው የቤንጋል ጥልፍ

[ምስል፦ የካንታ መሬት በቅርበት]
ካንታ ስታዩ ዓይናችሁ ቀድሞ አበባው ላይ ያርፋል። ትልቁ ድካም ግን በአበቦቹ መካከል ባዶ በሚመስለው ነጭ ቦታ፣ ማለትም በጨርቁ መሬት ላይ ነው። ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ ዳር እስከ ዳር በደቃቅ ነጭ ስፌት የተሞላ ነው።

ናክሺ ካንታን የሚሰፉት የባንግላዴሽና የህንዷ ምዕራብ ቤንጋል ሴቶች ናቸው። በባንግላዴሽ ጄሶር፣ ራጅሻሂና ጃማልፑር የተባሉት አካባቢዎች ስማቸው የሚነሣው በዚሁ ሙያ ነው።

በባህሉ ጨርቁ ያረጀ የጥጥ ሳሪ፣ ማለትም ሴቶች በሰውነታቸው ላይ የሚጠመጥሙት ረጅም ልብስ ነው። ብዙ ጊዜ ስለታጠበ ለስልሷል፣ መርፌም አያስቸግርም። ጥልፉ የሚሠራበት ባለቀለም ክርም ከዚያው ሳሪ ጠርዝ ይመዘዛል፤ በድሮ ካንታዎች ላይ ቀይና ሰማያዊ የሚበዛው ለዚህ ነው።

[ምስል፦ ሴቶች ጨርቅ ሲያነጥፉ]
የታጠቡት ሳሪዎች መሬት ላይ ተነጥፈው እንደ ጋቢ ይደራረባሉ። ለቀላል መጠቅለያ 2 ወይም 3 ድርብ ይበቃል፤ ለብርድ ወራት የሚለበሰው ሌፕ ካንታ ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ጭምድዱ ከመሃል ወደ ዳር በእጅ ይጠረጋል፣ ዳሩ ላይ ክብደት ይደረጋል፣ ከዚያ በሰፋፊ ጊዜያዊ ስፌት ይያያዛል። ይህ ከተዘለለ ድርቦቹ ሥራው መሃል ላይ ይንሸራተታሉ፤ ያኔ ፈትቶ እንደገና ከመጀመር ሌላ መላ የለውም።

[ምስል፦ የሎተስ አበባ ሲጠለፍ]
መሃሉ ላይ ሎተስ ይጠለፋል፣ ማዕዘኖቹ ላይ ዛፍ ወይም ካልካ የሚባለው ጫፉ የታጠፈ ቅጠል። ከዚያ ነጩ መሬት በስፌት ይሞላል፦ መርፌዋ የአበባውን ቅርጽ ተከትላ ዙሪያውን ትዞራለች፣ ቀጥሎ ሁለተኛ ዙር፣ ሦስተኛ ዙር። ክሩ በመጠኑ ሲሳብ ጨርቁ ላይ እንደ ሞገድ የሚታየው ውብ እጥፋት ይወጣል። ከመጠን በላይ ከተሳበ ጨርቁ ይኮማተራል፣ አበባውም ይጣመማል። ከላላ ደግሞ ክሩ በጥፍርና በጌጥ ይያዛል። በባህላዊው አሠራር ጨርቁ ጭን ላይ እንጂ በመወጠሪያ ላይ ስለማይሰፋ፣ ልኩን የምታውቀው የሰፊዋ እጅ ብቻ ናት።

[ምስል፦ ንድፍ የታተመበት አዲስ ጨርቅ]
ዛሬ ብዙው ካንታ ለገበያ ይሰፋል። በ1978 የተመሠረተው፣ ብራክ የተባለው የባንግላዴሽ የልማት ድርጅት መደብር አሮንግ ለባንግላዴሽ ሰፊዎች ትልቅ ገበያ ከፍቷል፤ በህንድም የካንታ ባለሙያዋ ታክዲራ ቤጉም በ2024 ፓድማ ሽሪ የተባለውን የህንድ መንግሥት ሽልማት አግኝተዋል። መንደር ውስጥ ግን ደላላ ንድፍ የታተመበትን ጨርቅ ያድላል፣ ሲያልቅ ሰብስቦ በቁጥር ይከፍላል። ክፍያው ሲያንስ መጀመሪያ የሚሳሳው ያ ነጭ መሬት ነው፤ ስፌቱ ይረዝማል፣ ረድፉ ይራራቃል።

ስለዚህ ስትገዙ ገልብጡት። ጀርባው ላይ ስፌቱ አጭርና እኩል ከሆነ፣ ቋጠሮም ካልበዛበት፣ የተጠየቃችሁት ዋጋ የሰፊዋ የወራት ድካም ነውና አትከራከሩበት።