ስም አይግዙልን፣ ክፍተት ይሙሉልን

ውድ የአርሰናል ቤተሰቦች፣ እንኳን ለ2018 አዲስ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ! ትናንት ዶሮ ወጡን ጨርሳችሁ፣ ዛሬ ማልያችሁን ለብሳችሁ ስለመጣችሁ ደስ ብሎኛል። ጓደኛ ጎትቷቸው የመጡ የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎችም ከኋላ ይታዩኛል። አትደበቁ፤ በዓል ነው፣ ማንም አይነካችሁም።

አዘጋጆቹ ስለ ክረምቱ ዝውውር እንድናገር ሲጠይቁኝ «አጭር ይሁን» ብለውኛል። ስለ ዝውውር አጭር ንግግር የሚያደርግ ደጋፊ ገና አልተወለደም፤ እስቲ እሞክራለሁ። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው። አለዚያ እርስ በርስ ስንተራረም ሊመሽብን ነው።

ነሐሴ 25 እሁድ በሊቨርፑል ሜዳ አንፊልድ ላይ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። የሊቨርፑሉ ሶቦስላይ ያቺን ቅጣት ምት መታ፣ ተሸነፍን። በማግስቱ የዝውውር መስኮቱ፣ ማለትም ክለቦች ተጫዋች የሚገዙበትና የሚሸጡበት ጊዜ፣ ሊዘጋ ሰዓታት ሲቀሩት ሊቨርፑል አጥቂውን አሌክሳንደር አይዛክን በ125 ሚሊዮን ፓውንድ ወሰደው። የእንግሊዝ ክብረ ወሰን ነው። ወላጆቹ ኤርትራውያን ስለሆኑ እኛ ሰፈር ውስጥ የማይዛመደው ሰው የለም፤ ግን ለማን ፈረመ? ለሊቨርፑል። ያን ማታ የቴሌግራም ግሩፓችን በአንድ ጥያቄ ተሞላ፦ «እኛስ?»

እኛማ ስምንት ተጫዋች አስፈርመን ነበር እኮ! ዙቢሜንዲ፣ ኖርጋርድ፣ ማዱኤኬ፣ ዮኬሬሽ፣ ሞስኬራ፣ ኬፓ፣ ኤዜ፣ በመጨረሻው ቀን ደግሞ ሂንካፒዬ በውሰት። ወደ 250 ሚሊዮን ፓውንድ ወጥቷል። ይህ ሁሉ ተደርጎ፣ ጎረቤት ትልቅ ስም ስለገዛ ብቻ ባዶ እጃችንን የቀረን መሰለን። ጭምጭምታው የሚሠራን እንዲህ ነው። ማን እንደጎደለን አስረስቶ፣ ማን እንዳመለጠን ብቻ ያስቆጥረናል።

የኔ አቋም አንድ ነው። መስኮትን በስም አትፍረዱ፣ በክፍተት ፍረዱ። ቡድኑ ምን ጎድሎት ነበር? ያ ተሞላ ወይስ አልተሞላም? በቃ።

2013ን ውሰዱ። ክረምቱን ሙሉ የሊቨርፑሉ አጥቂ ሉዊስ ሱዋሬዝ ነበር ወሬው። ውሉ ላይ 40 ሚሊዮን የሚል ነገር አለ ተባለና ክለባችን 40 ሚሊዮን ከአንድ ፓውንድ አቀረበ። አንዷን ፓውንድ ልብ በሉልኝ! የሊቨርፑሉ ባለቤት ጆን ሄንሪ በስታዲየማችን በኤምሬትስ ውስጥ ምን እያጨሱ ነው ብሎ በትዊተር ተሳለቀብን። ሱዋሬዝ ቀረ፣ በዚያው ዓመት በሊጉ 31 ጎል አገባ። እኛ ደግሞ በመጨረሻው ቀን ሜሱት ኦዚልን ከሪያል ማድሪድ በ42.5 ሚሊዮን አመጣን።

ያን ማታ ዲኤስቲቪ ቤት የነበረ ሰው አይረሳውም። ኳስ የለም፣ ጨዋታ የለም። ስክሪኑ ላይ አንድ ማይክ የያዘ ጋዜጠኛና ከስር የሚሮጥ ጽሑፍ ብቻ። የኦዚል ስም ሲያልፍ ሰው ወንበር ላይ ወጣ። ባለቤቱ «ብርጭቆ ትከፍላላችሁ!» እያለ ይጮሃል፣ ማንም አይሰማውም። እኔም ከሚጮሁት አንዱ ነበርኩ፤ ዛሬም ቢሆን አልጸጸትም፣ ኦዚልን የመሰለ ኳስ አቀባይ ማየት መታደል ነው። ግን ክረምቱን ሙሉ የፈለግነው ምን ነበር? አጥቂ። ምን ገዛን? አማካይ። አጥቂያችን ዢሩ ለብቻው ቀረ። ደስታው ክፍተቱን ሸፈነው እንጂ አልሞላውም።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2015፣ ወሬው የሪያል ማድሪዱ አጥቂ ቤንዜማ ሆነ። በየቀኑ ቤንዜማ፣ ቤንዜማ። መስኮቱ ሲዘጋ የመጣው ፔትር ቼክ ብቻ ነበር። ጎበዝ በረኛ ነው፣ ክብር ይገባዋል። ነገር ግን በአውሮፓ አምስቱ ትልልቅ ሊጎች ውስጥ ያን ክረምት ከበረኛ ውጪ አንድም ተጫዋች ያልገዛ ክለብ እኛ ብቻ ነበርን። ያ ዓመት ማን ዋንጫ እንደበላ ታውቃላችሁ። ሌስተር! በ81 ነጥብ። እኛ በ71 ሁለተኛ። እኛ ስለ ቤንዜማ ስናወራ ሌስተር ከፈረንሳዩ ክለብ ካን ኢንጎሎ ካንቴን በ6 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አስፈረመ። ማህሬዝን ከፈረንሳይ ሁለተኛ ዲቪዚዮን በግማሽ ሚሊዮን እንኳ በማይሞላ ዋጋ አምጥተውት ነበር። ቫርዲን ያገኙት ያኔ ከእንግሊዝ አራቱ ዋና ዲቪዚዮኖች በታች ከነበረ ክለብ፣ ከፍሊትውድ ነው። የነዚህን ልጆች ስም የዝውውር ወሬ ላይ ማን ሰምቶ ያውቃል? ምልመላ ማለት ይህ ነው። መልማዩ ዝናብ ውስጥ ቆሞ ማንም የማያየውን ጨዋታ ያያል፣ ወሬው የሚመጣው ከዓመት በኋላ ነው።

የራሳችንም ምሳሌ አለን። 2019። ክረምቱን ያናወጠው ኒኮላ ፔፔ ነበር፤ ከሊል በ72 ሚሊዮን፣ ያኔ የክለቡ ክብረ ወሰን። በዚያው ክረምት ዊሊያም ሳሊባ የሚባል የ18 ዓመት ልጅ ከሴንት ኤቲየን በ27 ሚሊዮን ገዝተን ወዲያው በውሰት መለስነው። ማርቲኔሊ የሚባል ሌላ ልጅ ደግሞ ከብራዚል ኢቱዋኖ ከሚባል ክለብ በ6 ሚሊዮን አካባቢ መጣ። ፔፔ በ2023 ውሉ ተቋርጦ በነጻ ሄደ። ሳሊባ ዛሬ የማይሸጥ ተከላካይ ነው። ማርቲኔሊም እዚሁ አለ። ከሦስቱ በጣም የጮህንለት የትኛው ነበር? አትመልሱልኝ፣ አውቀዋለሁ።

ጭምጭምታ ከየት ነው የሚመጣው? አንድ ተጫዋች ውሉ ሊያልቅ ሁለት ዓመት ቀርቶታል እንበል። ደሞዝ ጨምሩልኝ ይላል፣ ክለቡ እምቢ ይላል። ወኪሉ አንድ ጋዜጠኛ ጋ ይደውላል። «አርሰናል እየተከታተለው ነው።» ውሸት ላይሆን ይችላል፤ አንድ መልማይ በሆነ ቀን አይቶት ይሆናል። ወሬው ይወጣል፣ እኛ አዲስ አበባ ላይ ቁጭ ብለን አሰላለፍ ውስጥ እናስገባዋለን፣ የትኛው ቁጥር እንደሚሰጠው እንከራከራለን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጁ ፈገግ ብሎ ከድሮ ክለቡ ጋር አዲስ ውል ይፈርማል። ደሞዙ ተጨምሮለታል። ሥራውን የሠራነው እኛ ነን፤ ኮሚሽኑን የወሰደው ወኪሉ ነው።

ሻጭ ክለብም ይጠቀምብናል። «ሦስት ክለቦች ይፈልጉታል» ሲባል ዋጋው ያድጋል። በተለይ በመጨረሻው ሳምንት። በበዓል ዋዜማ ሾላ ገበያ ዶሮ የገዛ ሰው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ለፍትሕ ያህል፣ በድንጋጤ የተገዛ ሁሉ መጥፎ አይደለም። 2011 ላይ ፋብሬጋስና ናስሪ ሄደው፣ ኦልድ ትራፎርድ ላይ 8 ለ 2 ተደበደብን። (ከኋላ ያላችሁ፣ ሳቃችሁ ይሰማኛል።) ከዚያ በመስኮቱ የመጨረሻ ሰዓታት ሰው እንደተገኘ ተሰበሰበ። ከተሰበሰቡት አንዱ በኋላ አሰልጣኛችን የሆነው ሚኬል አርቴታ ነው። ሌላው ሜርተሳከር፣ በኋላ አካዳሚውን የመራው። ስለዚህ ዕድልም አለ። ዕድል ግን ዕቅድ አይደለም፤ በዚያው ችኮላ የመጣውን ፓርክ ቹ ያንግን ስንቶቻችሁ ሲጫወት አይታችኋል?

ስለ ገንዘቡም ሁለት ቃል ልበል፣ ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው እዚያ ላይ ስለሆነ። «100 ሚሊዮን ከየት ያመጣሉ?» ትላላችሁ። በአምስት ዓመት ውል የተገዛ የ100 ሚሊዮን ተጫዋች በክለቡ ሂሳብ መዝገብ ላይ በየዓመቱ 20 ሚሊዮን ሆኖ ነው የሚጻፈው። ከአካዳሚ ያደገ ልጅ ሲሸጥ ደግሞ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ትርፍ ሆኖ ይመዘገባል። በ2024 ሊጉ በሦስት ዓመት ከ105 ሚሊዮን በላይ መክሰር ይከለክል ስለነበር፣ ክለቦች ያሳደጓቸውን ልጆች መሸጥ ይቀላቸው ነበር። ስሚዝ ሮው ወደ ፉልሃም፣ ኤንኬቲያ ወደ ክሪስታል ፓላስ በ2024 የሄዱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እኔ ይህን ሕግ አልወደውም። የሰፈር ልጅ እንዲሸጥ የሚያበረታታ ሕግ ደጋፊን አያስብም።

አሁን ወደ ዘንድሮ። 2024 ክረምት አጥቂ አልገዛንም። ሁላችንም አውቀነው ነበር፤ ሕፃን ልጅም ያውቀው ነበር። ያሉን አጥቂዎች፣ ጄሱስ ተጎዳ፣ ሀቨርትዝ ተጎዳ። በጥር ለአስቶን ቪላው አጥቂ ለዋትኪንስ ሞክረን ክለቡ እምቢ አለ። በየካቲት ሌስተር ላይ ሚኬል ሜሪኖ፣ አማካዩ ሜሪኖ፣ ከወንበር ተነስቶ አጥቂ ሆኖ ሁለት ጎል አገባ። እሱን አመስግነናል፤ ግን ዋንጫ የሚፈልግ ቡድን በየካቲት አማካዩን አጥቂ አያደርግም። በ74 ነጥብ ሁለተኛ ወጣን፣ ሊቨርፑል በ84 ወሰደው። እነዚያ አሥር ነጥቦች ሁሉም በአጥቂ ምክንያት ጠፉ አልልም፤ የተወሰኑት ግን ጠፍተዋል።

ለዚህ ነው አጥቂው ዮኬሬሽ ሲመጣ ዝም ብዬ ደስ ያለኝ። ሼሽኮን የመረጣችሁ ነበራችሁ፣ ወጣት ነው፣ ረጅም ነው ብላችሁ። እሱ ዩናይትድ ሄዷል፣ መልካም ዕድል። እኔ የምፈልገው ሳጥን ውስጥ ተከላካይ የሚጋፋ ሰው ነበር፣ መጥቷል። ሊድስ ላይ ሁለት ሲያገባም አይተናል። ዙቢሜንዲም ቢሆን ወሬው ከጥር ጀምሮ አልተለወጠም ነበር። ወሬ ሳይጮህ፣ ሳይገለባበጥ ለወራት አንድ ቦታ ሲቆም ያኔ እመኑት።

ኤዜ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ቶተንሃም ከፓላስ ጋር ሊጨርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ደጋፊዎቻቸው ቪዲዮ እየሠሩለት ነበር አሉ! ከዚያ ሀቨርትዝ ጉልበቱን ተጎዳ፣ የኛ ሰዎች ስልክ አነሱ፣ በአንድ ሌሊት ነገሩ ተገለበጠ። በ13 ዓመቱ ከአካዳሚያችን የተሰናበተ ልጅ፣ በግንቦት ማንቸስተር ሲቲ ላይ ለፓላስ የኤፍኤ ካፑን ጎል ያገባ ልጅ፣ ሊድስ ጨዋታ ቀን ሜዳ ላይ ቆሞ አየነው። «ይኸውልህ፣ ይህም ስም ነው፤ ክፍተት የት አለ?» ልትሉኝ ትችላላችሁ። አማካያችን ኦዴጋርድ የተያዘ ቀን የተጋጣሚን በር የሚከፍት ሌላ ሰው አልነበረንም፤ ክፍተቱ ይኸው። ከቶተንሃም አፍ መነጠቁ ደግሞ… እሱ ምርቃት ነው።

የሌሎች ክለቦች የመጨረሻ ቀን ጉዳይም ያስቃል። የፓላሱ ተከላካይ ማርክ ጉዬሂ ወደ ሊቨርፑል ለመሄድ የሕክምና ምርመራ ሁሉ አድርጎ ነበር፤ 35 ሚሊዮን ተስማምተዋል። ፓላስ ምትክ ሲያጣ ሁሉንም ሰረዘው። ምርመራ ያለፈ ሰው ሊቀር ከቻለ፣ በሐምሌ ወር «ተስማምቷል» የሚል ዜና አይቶ ማልያ የሚያሳትም ወንድማችን ትንሽ ቢታገስ ጥሩ ነው። ራሱን ያውቃል።

አሁን የሚያስፈራኝን ልንገራችሁ። ማን እንደሚመጣ አያሳስበኝም። እስከዚህ በዓል፣ መስከረም 2025 ድረስ፣ የሳሊባና የክንፍ ተጫዋቻችን የሳካ ውል የሚያበቃው በ2027 ነበር። ማድሪድ ሳሊባን ይፈልገዋል የሚለው ወሬ ሰልችቶናል፤ እሱን ግን እንደ ሌላው ጭምጭምታ አልንቀውም። አሌክሳንደር አርኖልድ ምን እንደሆነ ተመልከቱ። ሊቨርፑል ያሳደገው ልጅ፣ ውሉ እስኪያልቅ ተጠበቀና ከወር ቀደም ብሎ እንዲለቀቅ ብቻ 10 ሚሊዮን ዩሮ አካባቢ ተከፍሎ ወደ ማድሪድ ሄደ። ጋብርኤል በሰኔ አዲስ ውል ፈርሟል፣ ጥሩ ጅምር ነው። አንድሪያ ቤርታ፣ የስፖርት ዳይሬክተራችን፣ ከአዲስ ተጫዋች ይልቅ እነዚህን ሁለት ፊርማዎች ቢያመጣልኝ የጥር መስኮትን ዘግቶ ቢተኛም አልቀየመውም።

በሉ፣ ሰዓቴ አልቋል፣ አዘጋጁ እጁን እያወዛወዘ ነው። ነገ ከቀኑ 8:30 ኖቲንግሃም ፎረስት ነው። በዚህ ሳምንት፣ በመስከረም 2025፣ ፖስቴኮግሉን አሰልጣኝ አድርገው ሾመዋል፣ ከቶተንሃም የምናውቀውን ሰውዬ። ቀደም ብላችሁ ኑ፣ ወንበር ይጠባል። ጥያቄ ያለው ካለ ማይኩን ያንሳ፤ ከኋላ ካሉት የዩናይትድ ልጆች ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የምቀበለው።